«ከፍቼዋለሁ» እና «ከፍቼው ነበር»

ይድረስ ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ቅዳሜ ቅዳሜ ለምታስተምሪያቸው ልጆች «ሄድኩ»ን፣ «ሄጃለሁ»ን እና «ሄጄ ነበር»ን እንዴት እንደምትለዪላቸው ጠይቀሽኛል።

«ሄጃለሁ»ን «የቅርብ ኃላፊ»፣ «ሄጄ ነበር»ን «የሩቅ ኃላፊ» ከሚለው ስያሜ አትጀምሪ። ቅርብና ሩቅ ሲባሉ ልጆቹ ቀን መቁጠር ይገባሉ፤ አማርኛ ደግሞ እዚህ ላይ ቀን አይቆጥርም። «ከ30 ዓመት በፊት ሞተዋል» ይባላል፤ «አሁን እዚህ ቆሞ ነበር»ም ይባላል። ቀን የሚቆጥር ግሥ ያለው በኬንያው ኪኩዩ ቋንቋ ነው፤ የዛሬው፣ የትናንቱና ከዚያ በፊት ያለው ድርጊት መልካቸው ይለያያል።

ይልቅ የክፍሉን በር ተጠቀሚ። ክፈቺውና «ከፍቼዋለሁ» በይ፤ ክፍት መሆኑን ያያሉ። መልሰሽ ዝጊውና «ከፍቼው ነበር» በይ። ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም፤ የተለወጠው ውጤቱ ነው። ቀጥለሽ «እናንተ ስትመጡ ከፍቼው ነበር» በይ። እዚህ በሩ መዘጋቱ ግድ አይደለም። ምክንያቱን ፈላስፋው ሃንስ ራይክንባክ እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተመው ሥራ ታገኚዋለሽ፤ የንግግሩን ሰዓት፣ የድርጊቱን ሰዓትና ድርጊቱን ቆመን የምናይበትን ሰዓት ለያይቷል። በ«ከፍቼዋለሁ» የቆምነው አሁን ላይ ነው። በ«ከፍቼው ነበር» መቆሚያችን ራሱ ወደ ኋላ ሄዷል፤ እነሱ ወደመጡበት ሰዓት።

እንግሊዝኛ «ሃቭ» ካለበት ግሥ ጋር «የስተርደይ»ን አያስጠጋም። አማርኛ ግን «ትናንት ነግሬሃለሁ» ሲል ምንም አይጎረብጠውም፤ ልጆቹ በእንግሊዝኛው ለክተው ስህተት ነው ቢሉሽ እሺ እንዳትዪ።

የራይክንባክ ሦስት ነጥብ ሁሉን አይፈታም። ቱርክኛ «መጣ» ለማለት ዓይን ያየውን «ገልዲ»፣ በወሬ የተሰማውን «ገልሚሽ» ብሎ ይለያል፤ ይህ የሰዓት ጉዳይ አይደለም። የኛም «መጣ» እንዲሁ ያስቸግራል። የተጠራ ሰው ገና ከጓዳ ሳይወጣ «መጣሁ!» ይላል፤ «ነገ ከመጣ ንገሪው»ም እንላለን። ለዚህ ነው ብዙ አጥኚዎች መልኩን «ኃላፊ» ከማለት «የተፈጸመ» ማለትን የሚመርጡት። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ።

አሉታውን ለብቻው አስተምሪ። የ«ሄድኩ»ም የ«ሄጃለሁ»ም አሉታ «አልሄድኩም» ነው። ይህን አስቀድመው ካልሰሙ «ሄጄ የለሁም» ብለው ከራሳቸው ይፈጥራሉ።