ለእህት ዓለም፣ ሜሪላንድ ላለሽው

እህት ዓለም፣ እንዴት ነሽ? ስንት ጊዜ ሆነን ከተጠፋፋን! በጣም ናፍቀሽኛል። እናትሽን ባለፈው አግኝቻቸው ነበር። ቀን ነርሲንግ እየተማርሽ ማታ ደግሞ የአረጋውያን መንከባከቢያ እንደምትሠሪ፣ እንቅልፍም እንደራቀሽ ሲነግሩኝ አላስቻለኝም፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ተማሪ ነርስ መሆን ፈተና ማለፍ ብቻ አይደለም። ጠዋት ዋርድ ውስጥ ሰው እጅሽ ላይ ይሞታል፣ ከሰዓት የመድኃኒት ስሌት ትፈተኛለሽ፣ በመሃል «ምን ተሰማሽ?» የሚልሽ የለም። እኛ ጋ ለተግባር ልምምድ (አታችመንት) የሚመጡት ተማሪዎች ላይም የማየው ይሄንኑ ነው።

ማይንድፉልነስ ሲባል ሳትሰሚ አትቀሪም፤ ሳይፈርዱ ልብን አሁን ባሉበት ቅጽበት ላይ ማሳረፍ ማለት ነው። ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. እዚያው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ትምህርት ቤት የጀመረው ሥልጠና 8 ሳምንት ይፈጃል፣ ቤት ውስጥ ደግሞ በየቀኑ 45 ደቂቃ ገደማ ልምምድ አለው። አንቺ 45 ደቂቃ ከየት ታመጫለሽ? ለጊዜው እሱን ተይው።

እጅሽን መታጠብሽ ግን አይቀርም። የዓለም ጤና ድርጅት በሳሙናና በውኃ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ታጠቡ ይላል አይደል? ያቺን ደቂቃ ለራስሽ አድርጊያት። ውኃው ቀዝቃዛ ነው ሙቅ? እግርሽ ወለሉን ረግጧል? ትከሻሽ ተወጥሯል? ትንፋሽሽን ስታስወጪ ከምታስገቢው ረዘም አድርጊው፤ ከአንጎል ወደ ልብ በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል የልብ ምትሽን ዝግ ያደርገዋል፣ ፊዚዮሎጂ ላይ ተምረሽዋል። ሐሳብሽ ወደ ኤንክሌክስ (የነርስነት ፈቃድ) ፈተና ቢሸሽ አትናደጂ፣ ቀስ ብለሽ መልሺው። ልምምዱ መመለሱ ነው፣ እና ደግሞ ቀጣዩ ሕመምተኛ ጋ ስትደርሺ የፊተኛውን ጭንቀት ይዘሽ አትገቢም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ከባድ ነገር ያየ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ዝም ሲል አንዳንዴ ይብስበታል። እንዲያ ከሆነ ዐይንሽን ግለጪ፣ አቁሚው፣ የትምህርት ቤቱን አማካሪ አናግሪ። ደግሞ ማንም «ተንፍሺ» ብሎ ሌሊት ላይ ሌሊት እንዲደርብብሽ አትፍቀጂ፤ ትንፋሽ እንቅልፍን አይተካም። የሌሊት ሥራውን ቀንሺ፣ እባክሽ። ለእናትሽ የምትልኪው እንዳይጎድል ፈርተሽ ከሆነ፣ እኔ እዚሁ አለሁ፣ ተነጋግረን አንድ ነገር እናደርጋለን።

እሑድ ደውይልኝ፤ ካልተመቸሽ ቮይስ ላኪልኝ።