ለደንበኞቻችን፦ ብሮሚን ስለሌለበት አዲሱ እሳት ተከላካይ ፕላስቲክ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከአሁን በኋላ የምናቀርብላችሁ እሳት የሚቋቋም የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ ብሮሚን (እሳት እንዲከላከል ፕላስቲክ ውስጥ ሲጨመር የቆየው ኬሚካል) የለበትም። «የድሮው ምን ሆነና?» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። እሳት በመከላከል በኩል የሚታማ አልነበረም፤ በትንሽ መጠን ብዙ ይሠራል። ጣጣው የሚመጣው በኋላ ነው። ዴካቢዲኢ የሚባለው የብሮሚን ውህድ ከፕላስቲኩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰርም። ስለዚህ ቀስ በቀስ እየወጣ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል፣ በአካባቢም ለረጅም ጊዜ ሳይበሰብስ ይቆያል። በ2017 እ.ኤ.አ. በስቶክሆልም ስምምነት (በአካባቢ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ በካይ ኬሚካሎችን የሚገድብ ዓለም አቀፍ ስምምነት) ዝርዝር ውስጥ የገባውም ለዚህ ነው።

አዲሱ በአሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ዱቄት የተሠራ ነው። ይህ ማዕድን ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ መፍረስ ይጀምራል፤ የክብደቱን አንድ ሦስተኛ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። ሲፈርስ ሙቀት ይስባል። እንፋሎቱ ደግሞ ተቀጣጣዩን ጋዝ ያሳሳል። ጭሱም አነስተኛ ነው፤ በቃጠሎ ጊዜ ብዙ ሰው የሚገድለው ጭስ መሆኑን አትርሱ።

ታዲያ ማሽናችሁ ውስጥም 200 ዲግሪ ያው 200 ዲግሪ ነው! ከዚያ ካለፋችሁ ውሃው እዚያው ይወጣና ምርቱ አረፋ አረፋ ይሆናል። ለኬብል ሽፋን ችግር የለውም። ፖሊፕሮፒሊን ወይም ናይለን የምትሠሩ ግን እስከ 300 ዲግሪ ገደማ የሚችለውን ማግኒዚየም ሃይድሮክሳይድ ያለበትን ጠይቁን።

ሌላው ነገር መጠኑ ነው። ዱቄቱ ብዙ ጊዜ ከጠቅላላው ክብደት 60 በመቶ ገደማ ይይዛል። ዕቃው ይከብዳል፣ ሲቀልጥ በቀላሉ አይፈስም፣ ሲታጠፍም ቶሎ ይሰበራል። «ምንም ለውጥ የለውም» የሚላችሁ ሻጭ ካለ አትስሙት። ለቀጫጭን ዕቃ አሞኒየም ፖሊፎስፌት ይሻላል፤ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበቃዋል፣ እሳት ሲነካው አብጦ የከሰል ሽፋን ይሠራል። ብቻ እርጥበት አይወድም።

«ከሃሎጅን ነፃ» (ማለትም ብሮሚንና ክሎሪንን የመሳሰሉት የሌሉበት) የሚል ጽሑፍ ብቻውንም አያሳምናችሁ። የእያንዳንዱን ምርት የደህንነት መረጃ ወረቀት፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ጠይቃችሁ አንብቡ።

ስታዙ የዕቃውን ውፍረትና የማሽኑን ሙቀት ጻፉልን። በ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቪ-0 የሚባለውን ፈተና (እሳት የተነካው ፕላስቲክ ቶሎ መጥፋቱ የሚታይበትን) ያለፈ ፕላስቲክ በ1 ሚሊ ሜትር ሊወድቅ ይችላል። መጀመሪያ ናሙና እንልክላችኋለን፤ ሞክራችሁት ካልሆነ በጅምላ አትዘዙ።

ከአክብሮት ጋር