የቅዳሜው የወይን ቅምሻ አይቁም

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት በዚሁ ገጽ አንድ አባት ስለ ፈረንጅ አራዳ ሰፈሩ ትንሽ የወይን መሸጫ የጻፉትን አነበብኩ። ቅዳሜ ከሰዓት የሚደረገው የወይን ቅምሻ ልጆቻችንን ወደ መጠጥ እየሳበ ስለሆነ ይቁም ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። የመጠጥ ጣጣ ያልነካው ቤት ስንት አለ? ግን እሳቸው ከመንገድ ሆነው ያዩትን እኔ ከውስጥ አውቀዋለሁ። ቅምሻው ከተጀመረ ወዲህ የቀረሁት ሦስት ቅዳሜ ብቻ ነው።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በቡና ቅምሻ ነው። ለጅማ ሰው ይህን ሥራ ማስረዳት አያስፈልግም። ናሙናው ተቆልቶ ይፈጫል፣ ትኩስ ውኃ ይፈስበታል። አራት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከላይ የጋገረውን በማንኪያ ሰብሮ ማሽተት ነው። ከዚያ ድምፅ እያሰሙ ሳብ ማድረግ፣ አፍ ውስጥ አዙሮ መትፋት። መሬት ላይ ደርቆ አፈር አፈር ያለውን፣ ሻጋታ የነካውን ጀንፈል (ከነገለፈቱ የደረቀ ቡና) ምላሳችን ወዲያው ይለየው ነበር። የታጠበ ሊሙ ሲመጣ ደግሞ «ወይን ወይን ይላል» እንባባላለን። የውጭ ገዢዎችም ሊሙን የሚወዱት ለዚሁ ቃናው ነው። ያን ሁሉ ዓመት እንዲህ ስል ወይኑን ራሱን በቅጡ ቀምሼው አላውቅም ነበር።

ቤታችን ወይን የሚገባው ለበዓልና ለድግስ ነው፤ ወይ ጉደር፣ ወይ አክሱሚት። ከሁለት ዓመት በፊት ለእህቴ ልጅ የቀለበት ፕሮግራም ከአንድ ሱቅ ስድስት ጠርሙስ ገዛሁ። ፀሐይ በሚያርፍበት መደርደሪያ ላይ ስንት ወር ቆመው እንደከረሙ እግዜር ይወቅ። ሲከፈቱ ሁለቱ ጭራሽ ኮምጣጤ ሆነዋል። እንግዶቹ በጨዋነት ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። እኔ ግን ፊቴን የማስገባበት አጣሁ። ሱቁ ስመለስ «የተከፈተ አንመልስም» አለኝ። ለምን እንደተበላሸ የሚነግረኝ ሰው አልነበረም።

የነገረኝ ይህ ትንሽ ቤት ነው። ወይን ሙቀትና ብርሃን ይጎዳዋል። ቡሽ ያለው ጠርሙስ ተጋድሞ መቀመጥ አለበት፤ ቆሞ ከከረመ ቡሹ ይደርቅና አየር ያስገባል። ይህን ቀድሜ ባውቅ ያ ሁሉ ሐፍረት አይደርስብኝም ነበር።

ቅምሻው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። አሥራ አምስት ሰው ብንሆን ነው። በርጩማ ላይ ክብ ሠርተን እንቀመጣለን። አምስት ዓይነት ወይን ይቀርባል፤ ከእያንዳንዱ የሚቀዳው ግማሽ የቡና ስኒ ቢሆን ነው። ዳቦና አይብ አለ፣ በጾም ጊዜ አይቡ በኦቾሎኒ ይተካል። መሐል ላይ መትፊያ ባልዲ ተቀምጧል፤ መትፋት ነውር አይደለም። መጀመሪያ ቀለሙን በነጭ ወረቀት ላይ እናያለን፣ ከዚያ እናሸታለን፣ መጨረሻ ላይ ነው ወደ አፍ የሚሄደው። ለኔ ልክ ወደ ድሮ ሥራዬ እንደመመለስ ነው።

አንድ ቅዳሜ የባቱ ወይኖች ቀረቡ። እነዚያ በ2006 ዓ.ም. ገበያ ላይ የዋሉት፣ ሪፍት ቫሊና አካሺያ የሚባሉት። አንድ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ካበርኔ ሶቪኞን የተባለውን ቀይ ወይን ቀምሶ «ያልበሰለ ሙዝ የነከስኩ መሰለኝ፣ ምላሴን ያዘኝ» አለ። የመሸጫው ባለቤት ደስ አለው። የያዘህ ታኒን የሚባል ነገር ነው፣ ከወይኑ ልጣጭና ፍሬ ይወጣል፤ የጠቆረ ሻይም ላይ አለ፤ ነጩ ወይን ግን ያለ ልጣጩ ስለሚፈላ እንዲህ አይዝም ብሎ አስረዳው። ከጎረቤት ሥጋ ቤት ሰባ ያለ ጥብስ መጣ። ከጥብሱ ጋር ሲቀምሰው የያዘው ነገር ለቀቀው። ልጁ ያን ቀን የጠጣው ሲደመር አንድ የውኃ ብርጭቆ አይሞላም። ግን የቀመሰውን በራሱ ቃል ተናግሮ ሄደ።

ከሁሉ የማልረሳው የጠጁ ቅዳሜ ነው። የሰፈራችን ጠጅ ጣይ እናት ከሁለት ዓይነት ማር የጣሉትን በብርሌ ይዘው መጡ። አልኮል ለማይነኩት ያልፈላ ብርዝ ቀርቦ ነበር። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ማር ነጋዴ ናቸው፤ ማሩን ብቻ አሽትተው «ይሄኛው የግራዋ ነው» አሉ። ጠጅ ጣይዋ ተነሥተው ጨበጧቸው። በረመዳን ደግሞ ቅምሻው ወሩን ሙሉ ይቆማል። ማንም አላስገደደውም፣ ባለቤቱ ለጎረቤቶቹ ብሎ የወሰነው ነው።

ስለ ልጆቹ ከተነሣ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። እዚያ ቤት በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል። የእኔን የእህት ልጅ ሳይቀር ጠይቀውታል። ልጆቻችንን እየጎዳ ያለው ሌላ ነው። ሲቅሙ ውለው ለጨብሲ ብለው በየጥጉ የሚጨልጡት አረቄ ነው። እዚያ ምን እንደሚጠጡ፣ ስንት እንደሚጠጡ የሚጠይቃቸው የለም። እኚህ አባት ብዕራቸውን ወደዚያ ቢያዞሩት እኔም አብሬያቸው እፈርማለሁ።

ቀበሌው ጉዳዩን ሊያየው ነው ሲባል ሰምቻለሁ። መልካም፣ ይየው። ግን ከመወሰኑ በፊት አንድ ሰው ልኮ ቅዳሜ በ10 ሰዓት አብሮን ይቀመጥ። እኚህ አባትም ቢመጡ በርጩማዬን እለቅላቸዋለሁ፤ ብርዝ አይጠፋም።

በአንድ ነገር ግን ልክ ናቸው። የቤቱ መስታወት በቀጥታ ተማሪዎች ወደሚያልፉበት መንገድ ያያል። መጋረጃ ያስፈልገዋል። ለባለቤቱ ነግሬዋለሁ፣ ተስማምቷል። ጨርቁን ሐሙስ ገበያ ወጥቼ እኔ እገዛለሁ።

አንዲት የቀድሞ ቡና ቀማሽ
ከጅማ