ደብዳቤ ለልጄ፦ መቀሱን አስቀምጪው

ልጄ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። የጦሳ ተራራ ሰሞኑን ጉም ለብሶ ነው የሚውለው፣ የደሴን ብርድ ታውቂዋለሽ፣ ከከሰል ማንደጃው አልርቅም።

ትናንት በስልክ ያሳየሽኝ የድመትሽ የሻሼ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። ብብቷ ሥርና ከጆሮዋ ኋላ ያለው ጸጉር ተድበልብሎ ጓል መስሏል። «ስነካት ትነክሰኛለች፣ ባለገች» አልሽኝ። አልባለገችም የኔ ዓለም፣ አሟት ነው። ትንሽ ሆነሽ ሹሩባ ስሠራሽ ጸጉርሽ ሳብ ሲል እንዴት እንደምታለቅሺ አስታውሺ፤ እሷ ያ ጉትታ በተራመደች ቁጥር አለባት።

ቅዳሜ በመቀስ ልቁረጠው ያልሽውን ግን እባክሽ ተዪው። አድርጌው አውቃለሁ። አንቺ ሳትወለጂ ውሮ የምንለው ጸጉራም ድመት ነበረን፣ ጓሮ ገብቶ ጭጎጎት ተሸክሞ ይመጣል። አንድ ቀን ሆዱ ሥር ያለውን ቋጠሮ ሳብ አድርጌ ከሥሩ ቆረጥኩት። ጸጉር ብቻ መስሎኝ። የድመት ቆዳ ስስና ላላ ያለ ነው፣ ቋጠሮውን ስትስቢው ቆዳውም አብሮ እንደ ድንኳን ይነሳል። እጄ ላይ የቀረውን ጸጉር ሳየው ጫፉ ላይ ደም ነበር። ውሮ ድምፅ እንኳ አላሰማም፣ አልጋ ሥር ገብቶ ሁለት ቀን አልወጣም። ቁስሉ ዳነ። እኔ ግን ዛሬም ሳስበው ሆዴ ይባባል።

ቋጠሮውን ሳትፈቺ አታጥቢያት። የበግ ጸጉር ርሶ ሲታሽ እንዴት እንደሚጠብቅ አይተሻል፣ የሷም እንደዚያው ነው።

በልታ ድብት ሲላት ጭንሽ ላይ አስተኛት። ጥርሱ ሰፋ ያለ የብረት ማበጠሪያ ይኑርሽ። ቋጠሮው ላይ ትንሽ የበቆሎ ስታርች ነስንሺና በጣትሽ እሺው፤ ሽታ ያለው ፓውደር አይሁን፣ ስትልሰው ሆዷ ይገባል። ከዚያ በሁለት ጣትሽ ቋጠሮውን ከቆዳው አጠገብ ጠበቅ አድርገሽ ያዢው፣ ጉትታው ቆዳዋ ላይ ሳይሆን ጣትሽ ላይ እንዲቀር። በሌላው እጅሽ ጥጥ እንደምትፈለቅቂ ሁሉ በቀስታ ሰንጠቅ ሰንጠቅ አድርጊው። ሲላላልሽ ማበጠሪያውን ከጫፉ ጀምረሽ አስገቢ፣ ከሥሩ መጎተት የለም። አምስት ደቂቃ ይበቃል። ጭራዋን ማወናጨፍ ስትጀምር ወይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ስታጥፍ ተያት፣ ነገም ቀን ነው፤ አንዱ ቋጠሮ ሦስት ቀን ቢፈጅ ምን አለበት?

እንደ ምንጣፍ ቆዳዋ ላይ ተለጥፎ ጣትሽ ከሥሩ የማይገባበት ካለ ግን አትታገዪው። የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰጃት፣ በማሽን ይላጩታል፣ ካስፈለገም ማደንዘዣ ይሰጧታል። ከሥሩ ቁስል ወይ ቁንጫ ሊኖር ይችላል። ቁንጫ ካገኘሽ የውሻ መድኃኒት እንዳትቀቢያት አደራ፣ ፐርሜትሪን የሚባል የቁንጫ መርዝ ያለበት ድመትን ይገድላል።

ሐኪሙ እዚያው አፏንም ይይልሽ። ድመት ራሷን ማበጠር የምትተወው ስትወፍር፣ ስታረጅ፣ ጥርሷን ወይ መገጣጠሚያዋን ሲያማት ነው። የሻሼን ዕድሜ ደግሞ አናውቀውም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷንም አስወጊያት። የነከሰችሽን ቦታ ምን አደረግሽው? ዝም ብለሽ ከሆነ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ሌላ ጊዜም ከነከሰችሽ ቶሎ ብለሽ በሚወርድ ውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ታጠቢና እዚያው ሂጂ። ይሄን አቅልለሽ እንዳታዪብኝ።

ማበጠሪያውን ነገ በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ልኬልሻለሁ፣ ከበሶው ጋር ጠቅልዬዋለሁ። ሲደርስሽ ደውዪልኝ፣ ስልኩን አጠገብሽ አቁሚውና አብረን እንጀምረዋለን። ከጆሮዋ ኋላ ያለው ይቀላል፣ ብብቷን ለኋላ እንተወው።

እናትሽ