እማዬ ለንደን ከመምጣቷ በፊት

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ለእትዬ

እንደምን ከርማችኋል? ጋሼ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደህና ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ብርዱ ብቻ ነው አልለቅ ያለን።

የእማዬ ቪዛ መውጣቱን ስሰማ ደስታዬን አልቻልኩትም። ልጆቹ አያታቸው ማን ክፍል ትተኛለች እያሉ ከአሁኑ ይጣላሉ። ግን የድምፅ መልእክትሽ መጨረሻ ላይ «እዛ ሕክምና ነፃ አይደል? የዓይን ሞራዋንም ጉልበቷንም በዛው አሳይልኝ» ያልሽው ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። በስልክ እንዳልነግርሽ እማዬ አጠገብሽ ሆና ትሰማና ጉዞውን ትተወዋለች። እሷን ታውቂያት የለ፣ «ልጄን ዕዳ ውስጥ አልከትም» ካለች የሚመልሳት የለም። ስለዚህ ለብቻሽ አንብቢው።

እዚህ ኤንኤችኤስ የሚባል የመንግሥት ሕክምና አለ። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1948 ጀምሮ ያለ ነው። እኔ ሆስፒታል ብተኛ ስወጣ ሂሳብ የሚጠይቀኝ የለም። ነፃነቱ ግን ኑሮውን በሕጋዊ መንገድ እዚህ ላደረገ ሰው ነው። ግብር መክፈልም ፓስፖርት መያዝም ብቻውን አይበቃም። የእንግሊዝ ፓስፖርት ይዞ አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ለሁለት ሳምንት ጥየቃ መጥቶ ሆስፒታል ቢተኛ እንደ እንግዳ ይከፍላል። ይሄንን ብዙ የኛ ሰው አያምንም።

«ታዲያ ሚስትህ በመጣች በሳምንቷ እንዴት ታከመች?» ትይኝ ይሆናል። እሷ የመጣችው ለኑሮ ነው፣ በቤተሰብ ቪዛ። ለዚያ ደግሞ ማመልከቻው ላይ የጤና ክፍያ አለ፤ ለአዋቂ በዓመት 1,035 ፓውንድ። ለሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወሩ ቪዛ 3,105 ፓውንድ የከፈልነው ገና አውሮፕላን ሳትሳፈር ነው። ለስድስት ወር ጎብኚ ግን ይህን ከፍሎ መግባት የሚባል ነገር የለም።

እማዬ በነፃ የምታገኘውም አለ። ጂፒ የምንለው የሰፈር ሐኪም ጋ ወስጄ በእንግድነት ላስመዘግባት እችላለሁ፤ እሱ ቢያያት አያስከፍላትም። ድንገተኛ ክፍልም ብትገባ እዚያው የሚደረግላት ነፃ ነው። ቲቢ፣ ወባና እንዲህ ያሉ ተላላፊ በሽታዎች ሕክምናቸው ለማንም ነፃ ነው፣ ወደ ሌላው እንዳይዛመቱ ተብሎ። ሂሳቡ የሚጀምረው ከድንገተኛ ክፍል አልጋ ያዢ ስትባል ወይም ለስፔሻሊስት ሪፈር ሲጻፍላት ነው። ለእንግዳ ዋጋው ኤንኤችኤስ ራሱ ከሚተምነው አንድ ተኩል እጥፍ ነው። አስቸኳይ ያልሆነ ነገር ከሆነ ደግሞ ገንዘቡ በቅድሚያ ነው፤ ካልተከፈለ አይነኳትም። የዓይን ሞራና ጉልበት እዚህ ውስጥ ነው የሚገቡት።

አስቸኳይ ከሆነ ግን ገንዘብ የለሽም ብሎ የሚመልሳት የለም። ባለፈው ክረምት ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት እህት እናቷ ለጥየቃ መጥተው ስትሮክ መታቸው። ላስተረጉም አብሬ ነበርኩ። ሐኪሞቹ ስለ ገንዘብ አንድም ነገር አላነሱም። በኋላ ግን አንዲት ሴት ፎልደር ይዛ አልጋው አጠገብ መጣች። በጣም ጨዋ ናት፣ ድምፅዋንም ዝቅ አድርጋ ነው የምታወራው። መቼ ገቡ? የሚኖሩት የት ነው? መመለሻ ትኬታቸው መቼ ነው? መድን አላቸው? እናትየው አንድ እጃቸው አልታዘዝ ብሏቸው «ምን ትላለች?» ይሉኛል። እኔም «ስምዎን ነው የምትጠይቀው» አልኳቸው። ምን ልበል እትዬ?

ሕክምናው አልተቋረጠም፣ ደህና አድርገው ነው ያከሟቸው። ሂሳቡ ግን በፖስታ መጣ፣ በብዙ ሺህ ፓውንድ። ልጅቱ ተስማምታ በየወሩ እየቆረጠች ትከፍላለች። ዝም ብትል ኖሮ 500 ፓውንድና ከዚያ በላይ ሆኖ ሁለት ወር ያለፈው ዕዳ ወደ ኢሚግሬሽን ይተላለፋል፣ እናትየው ሌላ ጊዜ ቪዛ ሲጠይቁ ሊከለከሉበት ይችላሉ።

ስለዚህ የማስበው እንዲህ ነው። የዓይን ሞራው እዛው ምኒልክ ሆስፒታል ይሠራላት። ወጪውን እኔ እልካለሁ፣ ከመምጣቷ በፊት ይሁን ከተመለሰች በኋላ እናንተ ወስኑ። እዚህ ለመታከም ከሆነ የምትመጣው ይሄው ተብሎ፣ የሐኪም ደብዳቤና የክፍያ ማስረጃ ተያይዞ ነው ቪዛ የሚጠየቀው። እኛ የጠየቅነው ለጥየቃ ነው። ገብታ ሌላ ነገር ብንጀምር ነገ ለአንቺም መንገድ እንዘጋለን።

ለድንገተኛው ደግሞ የጉዞ የጤና መድን እገዛላታለሁ። ለፈረንሳይ ወይም ለጣሊያን ቢሆን ያለ 30,000 ዩሮ መድን ቪዛውም አይሰጥም ነበር። እንግሊዝ ግን አያስገድድም፤ ሰውም ሳይገዛ የሚመጣው ለዚህ ነው። የትኬት ቢሮው ልጅ «ስኳርና ደም ግፊቷን አትናገሩ፣ ዋጋው ይወደዳል» አለ ያልሽውን ግን እርሺው። ስኳሯ ተደብቆ የተገዛ መድን የስኳር ነገር ሲመጣ አይከፍልም፤ አንዳንዴ ጠቅላላ ውሉን ያፈርሱታል። ሆስፒታል እንደገባች መጀመሪያ የምትጠየቀው እኮ ምን መድኃኒት ትወስጃለሽ ተብላ ነው፣ እሷ ደግሞ መዋሸት አትችልም! ይወደድ፣ እከፍላለሁ። መድን ድርጅቶቹ ሲጠይቁኝ በልኬቱ ነው፤ የደም ግፊቷ የመጨረሻ ልክ፣ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ ውጤት፣ ባለፈው ዓመት ተኝታ ታክማ እንደሆነ፣ ቀጠሮ ያለው ምርመራ እንዳለ። የዓይኑ ቀጠሮ ተይዞ ከሆነ እሱንም ንገሪኝ።

በነገራችን ላይ እኛም ስንመጣ ያው ነን። ለአውሮፓ አገሮች የሚያገለግል ነፃ የጤና ካርድ አለን፤ ፓሪስ ብታመም የመንግሥት ሆስፒታሉ እንደ አገሩ ሰው ያየኛል። ኢትዮጵያ ላይ ግን አይሠራም፣ ስለዚህ ለጥምቀት ስንመጣ እኛም መድን ገዝተን ነው። የልጆቹን የታይፎይድና የሄፓታይተስ ኤ ክትባት ጂፒው በነፃ ይሰጣል። ባሕር ዳር ይዘናቸው ስለምንወርድ ግን የወባ ኪኒኑ ከኪሳችን ነው።

ለእማዬ የምትነግሪያት ይሄን ብቻ ነው፦ መድኃኒቷን ለቆይታዋ የሚበቃ፣ ትንሽ ትርፍም ጨምራ፣ ከነካርቶኑ ትያዝ። ሻንጣውን በበርበሬና በሽሮ እንደምትሞሉት አውቃለሁ፤ መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳዋ ይሁን። ሐኪሟ በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ቢጽፍላት ደግሞ ጥሩ ነው።

የኪኒኖቹን ማሸጊያና የመጨረሻውን የምርመራ ወረቀት ፎቶ አንስተሽ እስከ ዓርብ ማታ በቴሌግራም ላኪልኝ። ቅዳሜ ከሥራ ስለማርፍ መድን ድርጅቱ ጋ ያኔ ነው የምደውለው። ጋሼን ጉልበቱን ሳሙልኝ።

ወንድምሽ፣ ከለንደን