መገናኛ ሰልፍ ላይ ያየሁት

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን፣ እግዜር ይመስገን። እቤቴ ሐይቅ በሰላም ገብቻለሁ። መንገዱ አሳስቦን አልነበር? ምንም አልገጠመንም። ጣርማበር ላይ ጉም ብቻ ነበር፣ ሾፌሩም ቀስ እያለ ደብረ ሲና ድረስ ወረደው።

ከገባሁ ጀምሮ ቤቱ ሰው አላጣም። ጎረቤቱ ሁሉ «አዲስ አበባን እንዴት አገኘሻት?» ይለኛል፣ እኔም ስለ ፎቁ አወራለሁ፤ ሰው መስማት የሚፈልገው ስለ ፎቅ ነው። ላንቺ ግን ሌላ የምነግርሽ አለኝ። እዚያ እያለሁ አፌ ላይ መጥቶ የመለስኩት ነው። በስልክ እንዳልነግርሽ እንባዬ ይቀድመኛል፣ ታውቂኛለሽ። ስለዚህ ልጻፈው። 36 ዓመት ደብተር ሳርም የኖርኩ ሰው ደብዳቤ አያቅተኝም።

ከመምጣቴ ልጀምር፤ ያኔ እየሳቅሽብኝ በደንብ አላወራሁልሽም።

እኔ እስከ 61 ዓመቴ ከደሴ አልፌ አላውቅም። ደሴ እኮ ለኛ ከተማ ናት፤ ለሕክምናም፣ ለሥልጠናም፣ ለቀሚስም እዚያ ነው የሚወጣው። አውቶቡሱ ደብረ ብርሃንን ሲያልፍ ያስደነገጠኝ ብርዱ እንጂ አገሩ አልነበረም። ሰንዳፋ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ «አዲስ አበባ ገባን?» አልኩት። «ገና ነው ማዘር» አለኝ። ለገጣፎ ላይ ፎቅ በፎቅ ሆኖ ሳይ በቃ ደረስን ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። «ገና ነው ማዘር፣ ቁጭ በይ።» ካራ ላይ ሦስተኛ ስጠይቀው መልስ አልሰጠኝም፣ ዝም ብሎ ሳቀ። ለካ ያን ጊዜ በሰፈርሽ በኩል እያለፍኩ ኖሯል።

ይቺ «ማዘር» የሚሏት ነገር! ሐይቅ ላይ ለግማሹ «ቲቸር» ነኝ፣ ለግማሹ «እትዬ» ነኝ። ላምበረት መናኸሪያ እግሬ መሬት ከመንካቱ የአገሩ ሁሉ ማዘር ሆንኩ። «ማዘር ታክሲ?» «ማዘር ልሸከምልሽ?» አንዱ ማዳበሪያውን ከእጄ መንትፎ አጥሩ ድረስ አደረሰልኝና 300 ብር አለኝ። 40 እርምጃ ነው፣ ቆጥሬዋለሁ! «እናትህን እንዲህ ትጠይቃለህ?» ብለው «ማዘር፣ ኑሮ ነው» አለኝ። ምን ይባላል? 150 ሰጠሁት፣ መርቆኝ ሄደ።

የንግድ ባንኩን ሕንጻ ያየን ቀን ትዝ ይልሻል? 209 ሜትር ነው አልሽኝ። እኔ ሜትሩን ምን አውቄው፣ ፎቁን ልቁጠር ብዬ ሃያ ምናምን ላይ ጠፋብኝ። እንደገና ስጀምር «እማ፣ ሰው እያየን ነው» ብለሽ ጎተትሽኝ። ማን ነው ያየን? ያ ሁሉ ሰው ሲተላለፍ ቀና ያለ አንድም አላየሁም።

ዓድዋ መታሰቢያ ግን ማንም አልጎተተኝም። ፒያሳን በካላንደር ሥዕል ነበር የማውቃት፣ እንደ ሥዕሏም አልጠበቀችኝም፣ ብዙው ፈርሷል። አራዳ ጊዮርጊስና ምኒልክ ከነፈረሳቸው እዚያው ስላሉ ግን ደስ አለኝ። ያን የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ ስንት ዓመት ነው ጥቁር ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት! ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ነው፤ ውጫሌ ማለት አጎትሽ በግ ሊገዛ ደርሶ የሚመለስባት ጎረቤታችን ናት። «ይሄ ሁሉ ሕንጻ ከኛ ሰፈር በተነሳ ጠብ ነው የተሠራው» ብዬ ለአስጎብኚዋ ነገርኳት። እሷም «ወይ ማዘር!» አለች። ይኸው፣ እዚያም ማዘር።

በኤሌክትሪክ የምትሄደው መኪና እንደ ድመት ከኋላዬ መጥታ ልትጨርሰኝ የነበረውን ለአባትሽ አልነገርኩትም፣ አንቺም እንዳትነግሪው።

ቤትሽን ወድጄዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ለጉልበቴ አይሆንም እንጂ ንጹሕ ነው፣ ብርሃንም አለው። የከበደኝ ውኃው ነው። እኔ ሐይቅ ዳር ተወልጄ፣ ልጄ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ ጀሪካን ስትደረድር ማየት! የመጀመሪያው ሌሊት ሌባ የገባ መስሎኝ ነበር። ደግሞ ያቺ ጎረቤትሽ። ቡና ስቆላ በሩን ከፍቼው ነበር፣ እንደ አገሬ መስሎኝ። በሩጫ መጥታ «ምን እየተቃጠለ ነው?» አለችኝ። ቡና ነው፣ ግቢ አልኳት፣ ሦስተኛው ድረስ ተቀመጠች። ልጆቿ ስንት እንደሆኑ፣ የት እንደተወለደች፣ ሁሉን ነገረችኝ። ማታ ስጠይቅሽ ስሟን አታውቂውም። ሦስት ዓመት ግድግዳ ተጋርታችሁ! ያን ቀን ተቀየምኩሽ፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከተማው ልጄን በላት አልኩ በሆዴ።

አሁን ወዳልነገርኩሽ ልምጣ።

የመጨረሻው ሐሙስ ከሥራ ስትወጪ መገናኛ ተገናኝተን አብረን እንግባ አልሽኝ። 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሰፈርሽን የአባዶን ታክሲ ሰልፍ ያዝን። መጀመሪያ የገረመኝ ሰልፉ ራሱ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ልጆችን በፊሽካ ያሰለፍኩ ሰው ነኝ፣ ሰው ያለ ፊሽካ ይሰለፋል ብዬ አላምንም። እዚያ ግን ፖሊስ የለ፣ አለቃ የለ፣ ሰላምታ የማይሰጣጣ ሕዝብ አንዱ ካንዱ ጀርባ ዝም ብሎ ቆሟል። ጅራቱ ታጥፎ በቆሎ ጠባሿ ጋ ደርሷል። አንዱ ጎረምሳ ከመሃል ሊገባ ሲል ያ ዝም ያለ ሕዝብ ሁሉ ባንድ አፍ «ሰልፍ!» አለ፣ ልጁም አንገቱን ደፍቶ ወደ ኋላ ሄደ። ወይ ግሩም፣ ለካ አፍ አላቸው አልኩ።

ታክሲ መጣ፣ ሞልቶ ሄደ። ሌላ እስኪመጣ ደግሞ ቆምን። ማካፋት ጀመረ። ያኔ ትከሻዬን ያዝ አድርገሽ ያንን የቢሮ ጫማሽን አወለቅሽ፣ ከቦርሳሽ ሸራ ጫማ አወጣሽ። ምንም ሳታዪ ነው ያደረግሽው፣ በየቀኑ እንደምታደርጊው ያስታውቃል። ከኋላሽ የቆመችው ልጅ ዣንጥላዋን ወዳንቺ ዘንበል አደረገችልሽ፣ እሷም ምንም አላለች፣ አንቺም ምንም አላልሽ። ተረከዝሽ ላይ ፕላስተር ነበር። ሁለቱም ላይ።

እንደዚያ ቆመን አባትሽ ደወለልሽ። ስልኩን አየሽው፣ «ታክሲ ውስጥ ስንገባ እደውልለታለሁ» ብለሽ ሳታነሺ ተውሽው። 1 ሰዓት ከሩብ ላይ ተራችን ደረሰና ተሳፈርን። ቁጭ እንዳልሽ ራስሽ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ረዳቱ ሒሳብ ሲል እኔ ከፈልኩ። አባትሽ ሁለተኛ ሲደውል ስልኩ እጅሽ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ጣቶችሽ ግን አልነቁም።

ልጄ፣ ያ ስልክ ስንት ጊዜ የኔ እንደነበር ታውቂያለሽ? ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ደውዬ፣ ደውዬ፣ አልነሳ ሲል ለጎረቤት «ይኸው ረሳችን» ያልኩበት ብዛቱ። ስትደውዪ ደግሞ በነጋታው ነው፣ «ደክሞኝ ነበር እማ» ትያለሽ፣ እኔ «ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል ምኑ ያደክማል?» እልሻለሁ። ይህን ሦስቴ እንዳልኩሽ አስታውሳለሁ፣ አንቺ ብዙ ታስታውሺ ይሆናል። አዲስ አበባ ስመጣ እንኳ ልቆጣሽ የያዝኩት ንግግር ነበረኝ፣ አውቶቡስ ላይ ስለማመደው ነው የመጣሁት። የአባዶ ታክሲ ውስጥ ጨረስኩት። እንዳትነቂ ብዬ ትከሻዬን ሳላነቃንቅ ነው ወራጅ ያልኩት።

አባትሽ እቤት ስገባ መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው። «ያን ዕለት ሐሙስ ሁለቴ ደውዬ ለምን አላነሳችም?»

«ተኝታ ነበር» አልኩት።

«በ1 ሰዓት ከሩብ?»

«አዎ፣ በ1 ሰዓት ከሩብ።»

አባትሽን ታውቂው የለ፣ ዝም አለ፣ ከዚያ ተነስቶ ወጣ። አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት ብቻ እንደውላለን ብሏል፤ ሌላ ቀን ብትደውዪ ግን ደስ ይለዋል፣ እንዳልነገርኩሽ ሁኚ።

በርበሬውን በፌስታል እንዳትተዪው፣ ጣሳ ውስጥ ገልብጪው። ለዚያች ጎረቤትሽም አንድ ሁለት ጭልፋ ስጫት፣ እቴቴ ትባላለች፣ ቤቷ የሚጠሯት እንደዚያ ነው። ከሽሮው ጀርባ በጠርሙስ ለጋ ቅቤ አስቀምጬልሻለሁ። ለወጥ አይደለም። ማታ ስትተኚ ተረከዝሽን ቀቢው፣ ካልሲ አድርጊበት።

እናትሽ