ጉዲፈቻ በቃል ብቻ አይጸናም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ጉዲፈቻ ያወጣችሁት ጽሑፍ የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 መከልከሉን በደንብ አስረድቷል። እኛን ወሎዬዎችን የሚያሳስበን ግን የአገር ቤቱ ነው። እዚህ የሰው ልጅ ወስዶ ማሳደግ አዲስ ነገር አይደለም። የ1966ቱና የ1977ቱ ረሃብ ወላጅ ያሳጣቸውን ስንቱን ልጅ ዘመድና ጎረቤት አሳድጓል። ችግሩ ነገሩ ብዙ ጊዜ በሽማግሌ ፊት፣ በቃል ማለቁ ነው።

በሕግ ፊት ቃል አይበቃም። የክልሎች ሕግ መነሻ የሆነው የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ፣ የጉዲፈቻ ስምምነት የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው ይላል። ዳኛው የልጁን ጥቅም ይመዝናል፣ ልጁንም ይሰማል። ይህ ለወግ ያህል የተቀመጠ አይደለም። አሳዳጊ ሲሞት የሚሆነውን ደሴ ላይ አይተናል። ወንድምና እህት ለውርስ ይሰበሰባሉ። "እናቴ" እያለች እስከ መጨረሻው ያስታመመችው ልጅ ወረቀት የላትምና ልብሷን ሸክፋ ትወጣለች። ያማል።

ብዙዎች ፍርድ ቤት የማይሄዱት ልጁ ከወለዱት ጋር ይቆራረጣል ብለው ስለሚሰጉ ነው። ሕጉ እንዲህ አይልም። ከሥጋ ዘመዶቹ ጋር ያለው ዝምድና እንደተጠበቀ ይቆያል።

ስለዚህ በየቀበሌው ያለው የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት አንድ ገጽ ማብራሪያ በሩ ላይ ይለጥፍ፦ ማን ማሳደግ እንደሚችል፣ ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልግ፣ የት ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ። ማንበብ የማይችሉም አሉና፣ ይኸው ጽሑፍ በዕድር ስብሰባ፣ ከጁምዓ ሶላትና ከቅዳሴ በኋላ ይነበብላቸው።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ